የማኅበራዊ ግንኙነት መረብ ጥናትና የካርቦን ጥበቃ ሥራ

(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ በንግግር የቀረበ)




የተመረጠልኝ ርእስ ተራርቀው የኖሩ ሁለት የሙያ ዘርፎችን የሚያገናኝ ነው። አንደኛው ሰዎች እርስ በርሳቸው ያላቸውን የግንኙነት መረብ የሚመረምረው የኅብረተሰብ ጥናት ነው። ሁለተኛው እኛ የዕለት ተዕለት ተግባራችን ያደረግነው የደንና የአፈር፣ በእነርሱም ውስጥ የሚከማቸው የካርቦን ጥበቃ ነው።

ለማስረዳት የምሞክረው ዋና ሐሳብ አጭር ነው። ካርቦን የሚከማቸው በዛፍ ግንድ፣ በሥርና በአፈር ውስጥ መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን ለሠላሳና ለአርባ ዓመት እዚያው እንዲቆይ የሚያደርገው በዛፉ ዙሪያ የሚኖሩት ሰዎች ትስስር ነው። ስለሆነም የቶኑን ብዛት አስልቶ የትስስሩን ቅርጽ ያላጠና እቅድ የሒሳቡን እኩሌታ ብቻ ሠርቷል ለማለት ይቻላል። በንግግሬ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ እወዳለሁ።

ክርና ቋጠሮ

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት የማያውቅ በመካከላችን የለም። ተረቱ የኅብረትን ኃይል ይነግረናል። የግንኙነት መረብ ጥናት ደግሞ ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ጥያቄ ያነሣል፤ ይኸውም ድሩ ያበረው እንዴት ሆኖ ነው? የትኛው ክር ከየትኛው ጋር ተቋጥሯል? አንዱ ቋጠሮ ቢፈታስ ሌላው ይጸናል ወይስ አብሮ ይተረተራል? ብዛቱ እኩል የሆነ ክር እንደ አሠራሩ አንበሳ የሚያስር መረብም፣ ነፋስ የሚበትነው ጭረትም ሊሆን ይችላልና።

የዚህ ጥናት መነሻ ብዙ ጊዜ የሚያያዘው ከያዕቆብ ሞሬኖ ጋር ነው። እርሱ በ1934 ባሳተመው መጽሐፍ ሰዎችን በነጥብ፣ መቀራረባቸውን በመስመር እየወከለ የአንድን ማኅበረሰብ ግንኙነት በሥዕል አሳየ። ከዚያ በኋላ የተነሡ ምሁራን ሥዕሉን ወደ ስሌት ለወጡት። አንድ ሰው ከስንት ሰዎች ጋር በቀጥታ እንደተገናኘ፣ በሁለት ወገኖች መካከል ምን ያህል ጊዜ መተላለፊያ እንደሚሆን፣ መላው መረብ ምን ያህል ጥቅጥቅ ወይም ሳሳ ያለ እንደሆነ በቁጥር መግለጽ ተቻለ።

ከእነዚህ ምሁራን መካከል ማርክ ግራኖቬተር በ1973 ያወጣው ጽሑፍ ልዩ ስፍራ አለው። በአሜሪካ ሥራ የለወጡ ሰዎችን አዲሱን ሥራ በማን በኩል እንዳገኙ ጠየቃቸው። በሰው በኩል ካገኙት ውስጥ፣ ያን ሰው ዘወትር የሚያገኙት ከመቶ 17 ያህሉ ብቻ ነበሩ። የቀሩት አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ ከሚያዩት ሰው ነበር ወሬውን የሰሙት። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የቅርብ ወዳጆቻችን እርስ በርሳቸው ስለሚተዋወቁ የሚያውቁት እኛ የምናውቀውን ነው፤ አዲስ ነገር የሚመጣው በሌላ ክበብ ውስጥ ከሚኖር ከሩቅ ትውውቅ ነው። ስለዚህ ልል የሚመስለው ትስስር የራሱ የሆነ ብርታት አለው። ሮናልድ በርት በበኩሉ በ1992 ባሳተመው መጽሐፍ በማይገናኙ ሁለት ወገኖች መካከል ያለውን ክፍተት መረመረ፤ በክፍተቱ ላይ እንደ ድልድይ የተዘረጋ ሰው ከሌሎች የበለጠ ዕውቀትና ሥልጣን እንደሚያገኝም አስረዳ።

ወሬና ውሳኔ

እነዚህ ሐሳቦች ለእኛ ሙያ ያላቸውን ጥቅም ለማየት ወደ ገበሬው ማሳ እንሂድ። ራያንና ግሮስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1943 ባወጡት ጥናት በአሜሪካ አዮዋ ግዛት በሁለት ቀበሌዎች የሚኖሩ 259 ገበሬዎች የተዳቀለ የበቆሎ ዘርን እንዴት እንደተቀበሉ መረመሩ። ከ1928 እስከ 1941 ባለው ጊዜ ውስጥ ከሁለቱ በቀር ሁሉም ዘሩን ተቀብለዋል። ስለ ዘሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰሙት በአብዛኛው ከዘር ሻጮች ነበር፤ እንዲዘሩት ያሳመናቸው ግን ይልቁንም ጎረቤት ነው።

እንግዲህ ወሬና ውሳኔ በአንድ መንገድ አይጓዙም ማለት ነው። ወሬ በልል ክር ከሩቅ ይመጣል። ኪሳራ ወይም የሰው ትዝብት የሚያስከትል ውሳኔ ግን አንድ እንግዳ ስለተናገረ ብቻ አይወሰንም፤ ሁለት ሦስት የሚታመኑ ሰዎች ሲያደርጉት ማየትን ይጠይቃል። ዴሞን ሴንቶላ በ2010 ባወጣው ጥናት ይህንኑ በሙከራ አሳይቷል። አንድን የጤና ልማድ በሁለት ዓይነት መረብ እንዲዛመት ሲያደርግ፣ ጎረቤት ለጎረቤት በተደራረበ ትስስር ከተያያዙት ከመቶ 54 ያህሉ ተቀበሉት። ክሩ ወዲያና ወዲህ በዘፈቀደ በተዘረጋበት መረብ ውስጥ ግን የተቀበሉት ከመቶ 38 ያህሉ ብቻ ነበሩ።

የኒጀር ገበሬዎች ታሪክ ለዚህ ትልቅ ማስረጃ ነው። በማራዲ አውራጃ ይሠራ የነበረው አውስትራሊያዊው ቶኒ ሪናውዶ በ1983 በየማሳው እንደ ቁጥቋጦ የሚታየው ነገር ሥሩ ያልሞተ የዛፍ ጉቶ መሆኑን ተገነዘበ። ከሚያቆጠቁጡት ቅርንጫፎች ጥቂቱን መርጦ ትቶ ሌላውን በመከርከም ብቻ ዛፉን ማስነሣት ይቻል ነበር። ዘዴው ቀላል፣ ወጪውም ኢምንት ነው። ይሁንና በማሳ ላይ ዛፍ መተው የሰነፍ ገበሬ ምልክት ተደርጎ በሚቆጠርበት አገር የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ገበሬዎች የጎረቤት መሳቂያ ሆኑ። ቀጥሎ በመጣው ረሀብ ጊዜ ለዚህ ሥራ እህል መሰጠት ሲጀምር በብዙ ማሳዎች ዛፍ ተተወ፤ እህሉ ሲቆም ግን ከዛፎቹ አብዛኞቹ ተቆረጡ። ከዚያ በኋላ ነው ያላቋረጡት ገበሬዎች የሰበሰቡትን ማገዶና እህል ጎረቤት በዓይኑ እያየ፣ ዘዴው ከማሳ ወደ ማሳ፣ ከመንደር ወደ መንደር የተሻገረው። በ2000ዎቹ ዓመታት አጋማሽ የሳተላይት ፎቶግራፎች ሲመረመሩ በደቡብ ኒጀር ዛፍ የተመለሰበት የእርሻ መሬት ወደ 5 ሚሊዮን ሄክታር ይደርስ ነበር። ይህን ያህል መሬት በችግኝ ማፍያ ጣቢያ ለመሸፈን ያሰበ ማንም አልነበረም። በርግጥ መስፋፋቱን የረዳ ሌላ ምክንያትም ነበረ። ዛፍን ሁሉ የመንግሥት ንብረት ያደርግ የነበረው የቆየ ሕግ አፈጻጸሙ ላላ፤ ገበሬውም ያሳደገውን ዛፍ የእኔ ነው ለማለት በቃ። የመብቱን ጉዳይ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

እምብርቱ ሲቆረጥ

ወደ አገራችን ስንመለስ በሙያችን ታሪክ ውስጥ መራራ ትምህርት የሆነ አንድ ዘመን እናገኛለን። ከ1975ቱ የገጠር መሬት አዋጅ በኋላ በየአካባቢው የገበሬ ማኅበራት ተቋቋሙ። በእነርሱ አማካይነትና በዓለም የምግብ ፕሮግራም የእህል እርዳታ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ዓመታት እጅግ ብዙ እርከን ተሠራ፣ ተራሮች ተከለሉ፣ የማኅበር ደኖች ተተከሉ። የሥራው ብዛት የሚያስደንቅ ነበር። ነገር ግን በ1991 መንግሥት ሲለወጥ በአያሌ አካባቢዎች የተከለሉት ተራሮች ለከብት ተለቀቁ፣ የማኅበር ደኖችም በአጭር ጊዜ ውስጥ ተጨፈጨፉ።

ይህን የተለያዩ ሰዎች በተለያየ መንገድ ያስረዱታል። አንዱ የመሬት ባለቤትነት ጥያቄ ነው ይላል፤ ሌላው የቁጣና የድህነት ውጤት ነው ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። እኔ የምጨምረው ሦስተኛ ማስረጃ የመረቡን ቅርጽ ነው። የዚያ ዘመን ጥበቃ በኮከብ አምሳል የተዋቀረ ነበር። ክሮቹ ሁሉ ከአንድ እምብርት ይነሣሉ። ትእዛዙ፣ እህሉ፣ ቅጣቱ ከዚያው ይወርዳል፤ ስለ ደኑ ጉዳይ ጎረቤትን ከጎረቤት በቀጥታ የሚያያይዝ ክር ግን አልነበረም፤ ወይም እጅግ ቀጭን ነበር። እንዲህ ያለ መረብ እምብርቱ ሲቆረጥ በዳር ያሉት ነጥቦች ሁሉ በአንድ ቀን ብቻቸውን ይቀራሉ። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ሰው «እኔ ብተወው ሌላው ይቆርጠዋል» ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም።

በአንጻሩ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል፣ በተለይም በደቡብ ጎንደር፣ ከጥንቱ የአገር በቀል ደን የተረፈው በአብዛኛው በየአብያተ ክርስቲያናቱ ቅጥር ግቢ የሚገኘው መሆኑ በእነ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ጥናት በሰፊው ተገልጧል። የእነዚህ ደኖች መጠበቅ መሠረቱ ሃይማኖታዊ አክብሮት መሆኑ አያጠራጥርም። ከመረብ ጥናት አንጻር ሲታይ ደግሞ በደኑ ዙሪያ ያለው ትስስር ድርብርብ ነው። አንዱ ሰው ከሌላው ጋር በቀብር፣ በክርስትና፣ በማኅበር፣ በሰንበቴ፣ በደቦና በጋብቻ ይገናኛል። አንዱ ክር ቢበጠስ አምስቱ ይቀራሉ፤ አለቃው ቢለወጥ፣ መንግሥትም ቢለወጥ መረቡ አይፈርስም። ደኑን የሚቆርጥ ሰው የሚጋፈጠው ከዘበኛ ጋር ብቻ አይደለም፤ ነገ እርሱን ከሚቀብሩት ሰዎች ጋር ነው።

የሁምቦ ተራራ

ከዚህ ላይ የካርቦኑን ጉዳይ በቀጥታ ወደሚመለከተው ምሳሌ እንለፍ። በወላይታ ከሶዶ ከተማ በስተ ደቡብ የሚገኘው የሁምቦ ተራራ እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ድረስ ደኑ በአብዛኛው አልቆ ነበር። በ2006 በተጀመረው ሥራ 2,728 ሄክታር ተከለለ። የተከለለው መሬት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በኒጀር እንደታየው ከመሬት በታች በሕይወት ከቆዩ ጉቶዎች ያገገመ ሲሆን፣ የቀረው ችግኝ ተተክሎበታል። ነዋሪዎቹ በሰባት የደን ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅተው የተጠቃሚነት መብታቸው በሕግ ታወቀ። በታኅሣሥ 2009 ፕሮጀክቱ በኪዮቶ ስምምነት የንጹሕ ልማት ሥልት መሠረት በመንግሥታቱ ድርጅት ተመዘገበ፤ በአፍሪካም የዚህ ዓይነት የመጀመሪያው ሰፊ የደን ፕሮጀክት ሆነ።

የስሌቱን መንገድ ለማታውቁት ባጭሩ ላስታውስ። የዛፉ ደረቅ ክብደት ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው። ካርቦኑ በ44 ተባዝቶ ለ12 ሲካፈል ከአየር የተወገደው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ይገኛል። በሁምቦ በ30 ዓመት ውስጥ 880,000 ቶን ያህል ይወገዳል ተብሎ ታቀደ። ከዚህ ውስጥ 165,000 ቶኑን በዓለም ባንክ የሚተዳደረው የባዮካርቦን ፈንድ ለመግዛት ተዋዋለ። ደን ሊቃጠልና ሊቆረጥ ስለሚችል፣ ለደን ይሰጥ የነበረው የምስክር ወረቀት በሥልቱ ደንብ መሠረት ጊዜያዊ ነበር፤ ዘመኑ ሲያልፍ በሌላ መተካት ነበረበት።

ይህ «ጊዜያዊ» የሚለው ቃል ሊያሳስበን ይገባል። ገዢው ውል የገባው ለ165,000 ቶን ነው፤ የታቀደው ግን 880,000 ነው። የገበያው ክር በተወሰነ ዘመን የሚያልቅ ሲሆን ዛፉ ከዚያ በኋላ ብዙ መኖር አለበት። ስለዚህ የሁምቦን ጥንካሬ መመዘን ያለብን በሁለት ዓይነት ትስስር ነው። አንደኛው ከተራራው ግርጌ ወደ ሶዶ፣ ወደ አዲስ አበባና ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው ረጅም ክር ነው። ዕውቀቱና ገንዘቡ የመጣው በዚሁ ሲሆን፣ ወርልድ ቪዥን የተባለው ድርጅት በመካከሉ ድልድይ ሆኗል። ሁለተኛው በሰባቱ ማኅበራት አባላት መካከል ያለው አጭርና ወፍራም ክር ነው። የሣር ማጨዱን ተራ የሚወስነው፣ የደረቀውን እንጨት የሚያከፋፍለው፣ ጥፋት ሲገኝ ሽማግሌ የሚያስቀምጠው ይህ ነው። የመጀመሪያው ክር ባይኖር ሥራው አይጀመርም ነበር፤ ሁለተኛው ባይኖር አይቆይም።

ሌላም አስቸጋሪ ጉዳይ አለ። አንድ ተራራ ሲከለል ጭፍጨፋው ወደ ጎረቤት ተራራ ሊዛወር ይችላል፤ የካርቦን ሒሳብ ሠራተኞችም ይህን ከትርፉ ላይ መቀነስ አለባቸው። ነገር ግን ወዴት እንደሚዛወር የመሬት ካርታ ብቻ አይነግረንም። ግጦሽ ያጣ ገበሬ ከብቱን በርቢ የሚሰጠው ለማን ነው? አማቹ የሚኖረው በየትኛው ቀበሌ ነው? ማገዶ የሚገዛው ከየትኛው ገበያ ነው? ጭፍጨፋው የሚጓዘው በእነዚህ ክሮች ላይ ነው፤ ለቁጥጥር ናሙና የሚወሰድበትም ቦታ በእነርሱ ሊመረጥ ይገባል።

ከሥዕሉ የጎደሉት

የመረብ ሥዕል የሚያሳየን የጠየቅነውን ብቻ ነው። ጠያቂው የቤቱን አባወራ ብቻ አነጋግሮ ከተመለሰ የሚሥለው መረብ የወንዶች መረብ ይሆናል። ነገር ግን ማገዶ የሚለቅሙት፣ ውኃ የሚቀዱት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ከደኑ ጋር በየቀኑ የሚገናኘው ሰው በሥዕሉ ላይ ነጥብ እንኳ ሳይኖረው ይቀራል። መሬት ያልደረሳቸው ወጣቶችና እረኞችም እንዲሁ ናቸው። ክልከላ ሲታወጅ ጉዳቱ ፈጥኖ የሚደርሰው በእነዚህ ላይ ነው፤ ጥቅም ሲከፋፈል ግን ስማቸው ከመዝገብ ላይ የለም።

እምብርት ላይ የተቀመጠው ሰው ማንነትም ሊታይ ይገባል። ቢያትሪስ ክሮናና ኦርያን ቦዲን በ2006 ባወጡት ጥናት በኬንያ ጠረፍ የሚገኝ አንድ የዓሣ አጥማጆች መንደርን መረመሩ። ስለ ተፈጥሮ ሁኔታ የሚደረገው ንግግር በአብዛኛው በአንድ ዓይነት መሣሪያ በሚያጠምዱት መካከል ብቻ ሆኖ አገኙት። በመረቡ ውስጥ ቁልፍ ስፍራ የያዙት ደግሞ ወደ ጥልቁ ባሕር የሚወጡት አጥማጆች ነበሩ። በመንደሩ ፊት ለፊት ያለው ዓሣ ሲመናመን ጉዳቱ ቶሎ የሚሰማው ወገን ቃሉ የሚሰማበት ስፍራ ላይ አልነበረም። እንዲህ ባለ ስፍራ «መሪዎቹን አሠልጥኑ» የሚለው የተለመደው ምክር ችግሩን ይበልጥ ያጸናዋል።

ስለ ሥራችን የቀረቡ ሐሳቦች

ከዚህ በላይ ከተዘረዘረው በመነሣት ለባልደረቦቼ የሚከተሉትን ሐሳቦች አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የመሬቱ ካርታ ከመነሣቱ በፊት ወይም አብሮ የትስስሩ ካርታ ይነሣ። የሚያስፈልገው ጥቂት ግልጽ ጥያቄ ነው። ባለፈው ዓመት ዘር ያበደረህ ማን ነው? ለደቦ የጠራኸው ማንን ነው? በድንበር ብትጣላ ወደ ማን ትሄዳለህ? ከቀበሌህ ውጭ ምክር የምትጠይቀው ማንን ነው? መልሱ በወረቀትና በእርሳስ ሊሣል ይችላል፤ ኮምፒውተር ሥራውን ያፋጥናል እንጂ የግድ አይደለም።

ሁለተኛ፣ በተሣለው መረብ ላይ አንድ ፈተና ይደረግ። ከመካከል አንዱን ነጥብ በጣት ሸፍነን የቀረውን እንመልከት። የልማት ሠራተኛው ቢዛወር፣ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ቢሞት፣ ረጂው ድርጅት ቢወጣ መረቡ ተያይዞ ይቀራል ወይ? መልሱ «አይቀርም» ከሆነ የካርቦን ውል ለመፈረም ጊዜው ገና ነው። መጀመሪያ ሁለተኛና ሦስተኛ ድልድይ መሠራት አለበት።

ሦስተኛ፣ አዲስ ዘዴ ሲተዋወቅ ሞዴል ገበሬዎችን ከየቀበሌው አንድ አንድ እየመረጡ መበተን ቀርቶ፣ በአንድ ሠፈር እርስ በርስ የሚተያዩ አምስት ስድስት ቤቶች አብረው ይጀምሩ። ብቻውን የቆመ ሞዴል ገበሬ የሠፈሩ መነጋገሪያ ሊሆን ይችላል፤ አብረው የጀመሩ ጎረቤታሞች ግን ልማድ ይፈጥራሉ።

አራተኛ፣ የመረብ ጥናት የመብትን ጥያቄ እንዲተካ አይፈቀድለት። ኤሊኖር ኦስትሮም የጋራ ሀብትን ስለሚጠብቁ ማኅበረሰቦች ባደረገችው ምርምር በ2009 የኖቤል ሽልማት ስትቀበል፣ ዓለም የተማረው ሰዎች ራሳቸው ደንብ አውጥተው፣ ራሳቸው ተቆጣጥረው የጋራ ሀብትን ማቆየት እንደሚችሉ ነው። ከቅድመ ሁኔታዎቹ አንዱ ግን ደንብ የማውጣት መብታቸው በመንግሥት መታወቁ ነው። በኒጀርም በሁምቦም ያየነው ይኸው ነው። ጠንካራ ትስስር ያለ መብት ቢቆይ ሐዘንተኛን ለማጽናናት እንጂ ተራራን ለመጠበቅ አያስችልም።

አምስተኛና የመጨረሻው ስለ ሥነ ምግባር ነው። ማን ከማን ጋር እንደሚነጋገር፣ ማን ማንን እንደሚያምን የሚያሳይ ሥዕል ቀላል ሰነድ አይደለም። ወዳጅነት በወንጀል የተቆጠረበትን ዘመን ያየ አገር ይህን ለማስረዳት ምሳሌ አያስፈልገውም። ስለዚህ የሰዎቹ ስም በቁጥር ይተካ፤ የስሙ ዝርዝር ከሥዕሉ ተለይቶ ይጠበቅ፤ ሥዕሉ በመጀመሪያ የሚቀርበውም ለባለቤቶቹ፣ ማለትም መልሱን ለሰጡት የመንደሩ ሰዎች ይሁን። ብዙ ጊዜ ጎደሎውን ቀድመው የሚያዩት እነርሱ ናቸውና።

የተከበራችሁ ባልደረቦች፣

የሙያችን መሣሪያ ሜትርና ሚዛን ነው። የዛፉን ውፍረት በደረት ከፍታ እንለካለን፤ የአፈሩን ናሙና ወደ ቤተ ሙከራ እንልካለን። ይህ ሁሉ አስፈላጊ ነው፤ ያለ እርሱ ማንም አያምነንም። ዳሩ ግን በ1991 ብዙ ዛፎች ተቆርጠዋል፤ ልኬት ብቻውን ዛፍን ከመቆረጥ አያድንም። ወደፊት በምንፈርመው የካርቦን ውል ላይ የምናረጋግጠው ቶን እንዲሁ በአንድ የለውጥ ዓመት እንዳይተን፣ ከዛፉ መዝገብ ጎን የሰዎቹን ትስስር መዝገብ ማስቀመጥ ይገባናል። በሚቀጥለው ጉባኤያችን ላይ ከየምድብ ሥፍራችሁ ቢያንስ አንድ እንዲህ ያለ ሥዕል ይዛችሁ እንድትመጡና እንድንወያይበት በአክብሮት እጠይቃለሁ።